ካርዱ የሚጽፍበትን ቦታ ማን ይወስናል? በሊኑክስ ከርነል የመሣሪያ አድራሻ ትርጉም ዝርዝር መመሪያ

ከመርካቶ የተገዛ ያገለገለ የመለኪያ ካርድ አለ እንበል። የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ እያነበበ ንባቡን በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ሜሞሪ ይጽፋል። አሮጌ ስለሆነ የሚያውቀው የ32 ቢት አድራሻ ብቻ ነው። የድራይቨሩ (ካርዱን የሚያዝዘው የከርነል ኮድ) ጸሐፊ በኬማሎክ፣ ማለትም በከርነሉ ሜሞሪ ማግኛ ተግባር፣ ያገኘውን ባፈር (ውሂብ ማጠራቀሚያ ሜሞሪ) አካላዊ አድራሻ በቨርት_ቱ_ፊዝ አውጥቶ በካርዱ ሬጅስተር ላይ እንዳለ አስቀምጦታል። ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለ አንድ ወርክሾፕ፣ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይህ ድራይቨር ያለ እንከን ይሠራል። ኮምፒውተሩ 16 ጊጋባይት ባለው ሲተካ ግን ንባቡ ባዶ ይሆናል፤ ውሎ አድሮም ከካርዱ ጋር ምንም የማይገናኝ የሒሳብ ፕሮግራም መውደቅ ይጀምራል።

የሆነውን በቁጥር እንየው። ባፈሩ የተቀመጠው በአካላዊ አድራሻ 5,368,729,668 ላይ ነው፤ ከ5 ጊጋባይት ጥቂት አለፍ ብሎ። 32 ቢት የሚይዝ ሬጅስተር ከ4,294,967,295 በላይ መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ የላይኛው ቢት ተቆርጦ 1,073,762,372 ይቀራል። ካርዱ የተሰጠውን አድራሻ አይመረምርም። አንድ ጊጋባይት አካባቢ ያለውን የሌላ ፕሮግራም ገጽ (ሜሞሪ የሚከፋፈልበት ቁራጭ) በቮልቴጅ ንባብ ይሞላዋል። በከርነሉ መዝገብ ላይ አንድም የስህተት መስመር አይገኝም፤ የጻፈው ፕሮሰሰሩ ስላልሆነ የሚያየው የለም።

ይህ መመሪያ ያንን አሮጌ ካርድ ይዞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትክክል እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ሲ ቋንቋ የሚያውቁ፣ ቢያንስ አንድ ትንሽ የከርነል ሞጁል ጽፈው ያስነሱ አንባቢ ነዎት ብዬ እነሣለሁ። የተግባራቱን ስሞች እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፤ በከርነሉ ምንጭ ኮድ ውስጥ በቀላሉ ያገኟቸዋል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሦስቱ አድራሻዎች

በከርነል ውስጥ "አድራሻ" ሲባል ከሦስት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ድራይቨርዎ በፖይንተር የሚይዘው ምናባዊ አድራሻ ነው፤ ፕሮሰሰሩ በራሱ የገጽ ሠንጠረዥ ይተረጉመዋል። ሁለተኛው አካላዊ አድራሻ ነው፤ ሜሞሪው በትክክል ያለበት ቦታ። ሦስተኛው መሣሪያው በባሱ ላይ የሚያወጣው የዲኤምኤ አድራሻ ነው። ዲኤምኤ ማለት መሣሪያው በፕሮሰሰሩ ሳያልፍ ሜሞሪን ራሱ ማንበብና መጻፍ ነው። በብዙ የዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ላይ ሁለተኛውና ሦስተኛው በአጋጣሚ እኩል ስለሚሆኑ ሰው አንድ ናቸው ብሎ ይለምዳል። የወርክሾፑ ድራይቨር መነሻ ችግርም ይኸው ልማድ ነው።

በዲኤምኤ አድራሻና በአካላዊ አድራሻ መካከል የሚቆም የሃርድዌር ክፍል አለ፤ ስሙ አይኦኤምኤምዩ ነው። ኢንቴል የራሱን ቪቲ-ዲ ይለዋል፣ ኤኤምዲ ኤኤምዲ-ቪአይ፣ አርም ደግሞ ኤስኤምኤምዩ። ሥራውን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አይከብድም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ከዚያ የተነሣ ቢሮ፣ ቸርችል ጎዳና ባለው ዋና ፖስታ ቤት ሣጥን ካለው፣ ለደንበኞቹ አዲስ የፖስታ ሣጥን ቁጥር መላክ አላስፈለገውም። ደብዳቤ የሚልከው ሰው ቁጥሩን ብቻ ይጽፋል፤ ቢሮው ሳሪስ ይሁን ገርጂ አይመለከተውም። ሣጥን ላልተከራየ ሰው ደግሞ ደብዳቤ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። የዲኤምኤ አድራሻ የሣጥን ቁጥሩ ነው፤ አይኦኤምኤምዩ ፖስታ ቤቱ፤ ድራይቨርዎ ደግሞ ሣጥን የሚከራየውና የሚመልሰው ሰው።

ደረጃ 1፦ በማሽንዎ ላይ ማን እንደሚተረጉም ይወቁ

መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ይግቡና ቪቲ-ዲ መብራቱን ያረጋግጡ፤ በብዙ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ላይ ተዘግቶ ይገኛል። ከዚያ የከርነሉን የመነሻ መዝገብ ያንብቡ። በኢንቴል ማሽን ላይ "ዲኤምኤአር" በሚል ቃል የሚጀምሩ መስመሮች ይፈልጉ፤ ይህ ቃል ባዮሱ አይኦኤምኤምዩ የት እንዳለ ለከርነሉ የሚያስታውቅበት ሠንጠረዥ ስም ነው። በኤኤምዲ ሠንጠረዡ አይቪአርኤስ፣ በአርም ሰርቨሮች ላይ ደግሞ አይኦአርቲ ይባላል።

ሠንጠረዡ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም። ከርነሉ እንዲጠቀምበት በመነሻ ትእዛዙ ላይ "ኢንቴል_አይኦኤምኤምዩ=ኦን" መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። ተነሥቶ እንደሆነ ማየት ከፈለጉ "/ሲስ/ከርነል/አይኦኤምኤምዩ_ግሩፕስ" የሚለውን ማውጫ ይክፈቱ። ባዶ ከሆነ የሚተረጉም የለም። በውስጡ ቁጥር ያላቸው ንዑስ ማውጫዎች ካሉ እያንዳንዳቸው አንድ የመሣሪያ ቡድን ናቸው፤ በየቡድኑ "ታይፕ" የሚል ፋይል አለ። ፋይሉ "አይደንቲቲ" ካለ ከርነሉ ለዚያ ቡድን ትርጉምን አጥፍቶታል ማለት ነው፤ የዲኤምኤ አድራሻ እና አካላዊው እኩል ናቸው። "ዲኤምኤ" ወይም "ዲኤምኤ-ኤፍኪው" ካለ ትርጉም እየተሠራ ነው።

ቡድን ለምን አስፈለገ? አይኦኤምኤምዩ መሣሪያን የሚለየው ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር በሚመጣ የ16 ቢት መለያ ነው፦ 8 ቢት ለባሱ፣ 5 ለመሣሪያው፣ 3 ለመሣሪያው ውስጣዊ ክፍል። የእኛ አሮጌ ካርድ ግን የቀድሞው ፒሲአይ (የካርድ መሰኪያ ዓይነት) ነው፤ በአዲስ ማሽን ላይ ከፒሲአይ ኤክስፕረስ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ቺፕ ነው። ከዚያ ድልድይ ጀርባ ያለ ካርድ ሁሉ ወደ አይኦኤምኤምዩ የሚደርሰው በድልድዩ መለያ ነው። በአንድ ድልድይ ጀርባ ሁለት አሮጌ ካርዶች ካሉ በአንድ ቡድን ይወድቃሉ፤ አንዱ የሌላውን ባፈር ከመንካት የሚያግደው የለም። ይህን ማወቅ በኋላ የስህተት መስመር ሲያነቡ ከብዙ ልፋት ያድንዎታል።

ደረጃ 2፦ መሣሪያዎ ስንት ቢት እንደሚደርስ ይናገሩ

ከርነሉ ካርዱን ሲያገኝ በሚጠራው የፕሮብ ተግባርዎ ውስጥ መሣሪያውን ካስነሡ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ዲኤምኤ_ሴት_ማስክ_ኤንድ_ኮሂረንት መጥራት ነው። ለመለኪያ ካርዱ የሚሰጡት ዲኤምኤ_ቢት_ማስክ(32) ነው። የሚመለሰው ዜሮ ካልሆነ ሥራውን አቁመው ስህተቱን ይመልሱ።

ከርነሉ ምንም ካልነገሩት 32 ቢት ብሎ ይገምታል፤ ቢሆንም በግልጽ ይናገሩ። አንዳንድ ካርድ 64 ቢት ሬጅስተር ኖሮት ውስጡ የተዘረጋው ሽቦ 40 ቢት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ 40 ቢት 1 ቴራባይት ድረስ ያደርሳል፤ ማስኩ መግለጽ ያለበት እውነተኛውን እንጂ የሬጅስተሩን ስፋት አይደለም። በተቃራኒው የአይሳ (ከፒሲአይ በፊት የነበረው መሰኪያ) ዘመን ተቆጣጣሪዎች 24 ቢት ብቻ ስለሚያወጡ ከ16 ሜጋባይት አያልፉም።

በድሮ ድራይቨሮች ላይ "መጀመሪያ 64 ሞክር፣ እምቢ ካለ ወደ 32 ተመለስ" የሚል ኮድ በብዛት ያጋጥማል። አይቅዱት። ሰፊ ማስክ እምቢ አይባልም፤ 64 ብለው ሲጠይቁ ጥሪው ሁልጊዜ ይሳካል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ቅርንጫፍ ፈጽሞ አይሠራም። እምቢ ሊባል የሚችለው ከሚገባው በላይ ጠባብ ማስክ ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ መሣሪያው ባስ እንዲመራ ፒሲአይ_ሴት_ማስተር ይጥሩ። ካልጠሩት ካርዱ ሜሞሪ መንካት አይፈቀድለትም፤ ሁሉም ነገር ትክክል መስሎ ባፈሩ ግን ባዶ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ የዴስክሪፕተሮቹን ሜሞሪ ይያዙ

ለመሣሪያው የሚሰጥ ሜሞሪ ሁለት ዓይነት ነው። ድራይቨሩ እስካለ ድረስ የሚቆይና ሁለቱም ወገኖች በየጊዜው የሚነኩት አንዱ ነው፤ ለእያንዳንዱ የዝውውር ሥራ ተይዞ የሚለቀቀው ሌላው። የመጀመሪያው "ወጥ" ሜሞሪ ይባል፤ ፕሮሰሰሩ የጻፈውን መሣሪያው፣ መሣሪያው የጻፈውን ፕሮሰሰሩ ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ያዩታል።

ዴስክሪፕተሮች፣ ማለትም ለካርዱ "ባፈሩ እዚህ ነው፣ ርዝመቱ ይህን ያህል ነው" የሚሉ ትናንሽ መዝገቦች፣ በወጥ ሜሞሪ ይቀመጣሉ። የሚጠሩት ዲኤምኤ_አሎክ_ኮሂረንት ነው። ሁለት ነገር ይሰጥዎታል፦ ለእርስዎ ፖይንተር፣ ለካርዱ የዲኤምኤ አድራሻ። ካርዱ ሬጅስተር ላይ ሁለተኛውን ይጻፉ፤ የመጀመሪያውን በምንም ዓይነት ወደ ካርዱ አይላኩ። የሚያገኙት ሜሞሪ በዜሮ የተሞላ ነው፤ መጠኑም ወደ ገጽ ይጠጋጋል። ስለዚህ 64 ባይት የሆኑ ብዙ ትናንሽ ነገሮች ካስፈለጉዎት ለእያንዳንዱ ሙሉ ገጽ ከማባከን ዲኤምኤ_ፑል ይጠቀሙ።

ወጥ መሆኑ ቅደም ተከተልን አያስጠብቅም። የባፈሩን አድራሻና ርዝመት በዴስክሪፕተሩ ውስጥ ይጽፋሉ፤ ከዚያ "አሁን የካርዱ ነው" የሚለውን ቢት ያነሣሉ። ፕሮሰሰሩ ሁለቱን ጽሕፈቶች ሊያቀያይራቸው ይችላል፤ ካርዱም ቢቱ ተነሥቶ አድራሻው ገና ያልተጻፈ ዴስክሪፕተር ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ በመካከላቸው ዲኤምኤ_ደብልዩኤምቢ ያስገቡ። በንባብ ጊዜ ደግሞ ቢቱን አይተው ዲኤምኤ_አርኤምቢ ካስገቡ በኋላ የቀረውን ያንብቡ። በኤክስ86 (በተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች) ላይ ይህ ቢቀር ላያስተውሉት ይችላሉ፤ አርም ላይ ያስተውሉታል።

ደረጃ 4፦ ባፈሩን ያስመዝግቡ

ንባቡ የሚገባበትን ትልቁን ባፈር በሁለተኛው መንገድ እናስተናግደዋለን፤ ባለበት አስመዝግበን፣ ካርዱ ሲጨርስ ምዝገባውን መሰረዝ።

መጀመሪያ ባፈሩ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። በኬማሎክ ወይም በገጽ አዳይ የተገኘ ሜሞሪ ይሆናል። በተግባርዎ ስታክ ላይ ያለ ተለዋዋጭ አይሆንም፤ ከ4.9 ጀምሮ ባሉ ከርነሎች ስታኩ በምናባዊ አድራሻ ብቻ የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል። በቪማሎክ የተገኘም በተመሳሳይ ምክንያት አይሆንም። በአንድ ስትራክት መካከል የተቀበረ ባፈርም አደገኛ ነው፤ ምክንያቱን ደረጃ 5 ላይ አነሣዋለሁ።

ኮዱ እንዲህ ነው፦

አድራሻ = ዲኤምኤ_ማፕ_ሲንግል(መሣሪያ, ባፈር, 1500, ዲኤምኤ_ፍሮም_ዲቫይስ)
ዲኤምኤ_ማፒንግ_ኤረር(መሣሪያ, አድራሻ) እውነት ከመለሰ፦ ዴስክሪፕተሩን ሳይነኩ ይመለሱ
ካልሆነ፦ አድራሻውን በዴስክሪፕተሩ ላይ ይጻፉ

ሁለተኛው መስመር በብዙ ድራይቨሮች ላይ ይዘለላል፤ እኔ ኮድ ስገመግም መጀመሪያ የምፈልገውም እሱን ነው። አድራሻው ዜሮ መሆኑን በማየት ስህተት መለየት አይቻልም፤ ዜሮ ትክክለኛ የዲኤምኤ አድራሻ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው መለኪያ፣ "መሣሪያ" ያልኩት፣ የዚያው የፒሲአይ መሣሪያ ስትራክት ዲቫይስ መሆን አለበት፤ ማስኩም የትርጉም ሠንጠረዡም የተያያዙት ከእሱ ጋር ነው።

አቅጣጫው የሚወሰነው ከመሣሪያው ተነሥቶ ነው። መሣሪያው ወደ ሜሞሪ የሚጽፍ ከሆነ ዲኤምኤ_ፍሮም_ዲቫይስ፣ ከሜሞሪ የሚያነብ ከሆነ ዲኤምኤ_ቱ_ዲቫይስ። ሁለቱንም የሚያደርግ ከሆነ ብቻ ዲኤምኤ_ባይዳይሬክሽናል። "ለጥንቃቄ" ብሎ ሁልጊዜ የመጨረሻውን መስጠት ጥንቃቄ አይደለም፤ አይኦኤምኤምዩው ሊከለክል የሚችለውን እንዲፈቅድ ማዘዝ ነው።

አሁን በጥሪው ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። ከርነሉ ከመሣሪያው የአድራሻ ክልል ውስጥ ነጻ ገጽ ይፈልጋል፤ 257ኛውን አገኘ እንበል። አንድ ገጽ 4096 ባይት ነው። የእኛ ባፈር በአካላዊ ገጹ ውስጥ ከ68ኛው ባይት ይጀምራል፤ ይህ ቁጥር፣ የአድራሻው የታችኞቹ 12 ቢቶች፣ በትርጉም አይነካም። ስለዚህ የዲኤምኤ አድራሻው 257 ሲባዛ በ4096 ሲደመር 68፣ ማለትም 1,052,740 ይሆናል። ከርነሉ በአይኦኤምኤምዩ ሠንጠረዥ ላይ "257ኛው ገጽ አካላዊ ገጽ 1,310,725 ነው፣ መጻፍ ብቻ ይፈቀዳል" ብሎ ይመዘግባል። ሠንጠረዡ በተለመደው አሠራር አራት ደርብ ነው፤ እያንዳንዱ ደርብ የአድራሻውን 9 ቢት ይወስዳል፣ 512 መደብም አለው። ለገጽ 257 የላይኞቹ ሦስት ደርቦች መደብ 0 ላይ፣ የመጨረሻው መደብ 257 ላይ ይሆናል።

ካርዱ 1,052,740 ላይ ሲጽፍ አይኦኤምኤምዩ አራቱን ደርቦች ወርዶ 5,368,729,668 ያወጣል። ያ ቁጥር መግቢያው ላይ የተቆረጠው ነው። ካርዱ ግን አላየውም፤ የያዘው ከአንድ ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ፣ በ32 ቢት በሰፊው የሚገባ ቁጥር ነው። ያው አሮጌ ካርድ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ማሽን ላይ የትኛውንም ባይት ይደርሳል።

አይኦኤምኤምዩ ከሌለስ? ያው ተግባር ሌላ መንገድ ይሄዳል። ከርነሉ ሲነሣ ከ4 ጊጋባይት በታች የያዘው መለዋወጫ ሜሞሪ አለ፤ ስዊዮቲኤልቢ ይባላል፣ ብዙ ጊዜ 64 ሜጋባይት ነው። ካርዱ ሊደርስበት የማይችል ባፈር ሲመጣ ከዚያ ተተኪ ይሰጠውና ውሂቡን ይገለብጣል። የእርስዎ ኮድ አይለወጥም፤ የግልባጩን ጊዜ ግን ይከፍላሉ። አንድ ምዝገባ ከ256 ኪሎባይት ማለፍም አይችልም። መለዋወጫው ሲሞላ ምዝገባው ይከሽፋል፤ ያኔ የሁለተኛው መስመር ጥቅም ይታያል።

ገጽን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አይኦኤምኤምዩ የሚፈቅደውና የሚከለክለው በሙሉ ገጽ ነው። 1500 ባይት ባፈር ከገጹ 3000ኛ ባይት ቢጀምር 404 ባይቱ ወደ ቀጣዩ ገጽ ያልፋል፤ ከርነሉም ሁለት ገጽ ይከፍታል። ለ1500 ባይት ብለው 8192 ባይት ለካርዱ አስረክበዋል። በቀሪው ቦታ የሌላ ክፍል ምስጢር ካለ ካርዱ ይደርስበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ተንደርክላፕ በሚል ስም የወጣው ጥናት በውጭ ሶኬት የሚሰካ ክፉ መሣሪያ አይኦኤምኤምዩ እየሠራም እንዲህ ያለውን ክፍተት ሊጠቀም እንደሚችል አሳይቷል። ለዚህ ነው ሊኑክስ በተንደርቦልት ሶኬት ለሚመጡ የማይታመኑ መሣሪያዎች ገጽ የማይሞላውን ባፈር በመለዋወጫ ሜሞሪ የሚያሳልፈው።

ደረጃ 5፦ ባፈሩ አሁን የማን ነው?

ምዝገባው ከተሳካበት ቅጽበት ጀምሮ ባፈሩ የካርዱ ነው። ፕሮሰሰሩ አይነካውም፤ ለማንበብም ቢሆን። ወደ ፕሮሰሰሩ የሚመለሰው ምዝገባው ሲሰረዝ ወይም ዲኤምኤ_ሲንክ_ሲንግል_ፎር_ሲፒዩ ሲጠራ ነው። አንብበው ከጨረሱ በኋላ ያንኑ ባፈር እንደገና ለካርዱ ለመስጠት ዲኤምኤ_ሲንክ_ሲንግል_ፎር_ዲቫይስ ይጥሩ። የመለኪያ ካርዱ ያለማቋረጥ የሚጽፍ ስለሆነ ባፈሮቹን በየጊዜው ከማስመዝገብና ከመሰረዝ አንዴ አስመዝግቦ በሁለቱ የሲንክ ጥሪዎች ማዟዟር ይሻላል።

በዚህ ደረጃ ብዙ ድራይቨር ይበላሻል፤ ብልሽቱም በየቀኑ የምንጠቀምበት ማሽን ላይ አይታይም። በኤክስ86 ካርዱ ሲጽፍ የፕሮሰሰሩ ካሽ (በቅርቡ የተነካውን ውሂብ የሚይዝ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) በሃርድዌር ይስተካከላል፤ ሲንክ ሳይጠሩ ቢያነቡም ትክክለኛውን ቁጥር ያገኛሉ። በብዙ የአርም ቦርዶች ላይ ግን ካሹ ስለካርዱ ጽሕፈት አያውቅም። ሲንክ ካልጠሩ ያረጀውን ቁጥር ያነባሉ። ሲንክ ሲጠሩ ደግሞ ከርነሉ የካሹን መስመር ይጥለዋል፤ ከባፈሩ ጋር በአንድ የካሽ መስመር ላይ የተቀመጠ ሌላ ተለዋዋጭ ካለ እሱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በስትራክት መካከል የተቀበረ ባፈር አደገኛ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ባፈሩን ለብቻው በኬማሎክ ይያዙት።

አርም ቦርድ ከሌለዎት ያለዎትን ኮምፒውተር ማስቸገር ይችላሉ። አይኦኤምኤምዩውን አጥፍተው በመነሻ ትእዛዙ ላይ "ስዊዮቲኤልቢ=ፎርስ" ይጨምሩ፤ አይኦኤምኤምዩ እየተረጎመ ከሆነ ይህ ትእዛዝ አይሠራም። ከርነሉ ምዝገባዎቹን በመለዋወጫው በኩል ያሳልፋል፤ ሲንክ የረሳ ድራይቨር ውሂቡ ስላልተገለበጠለት ወዲያውኑ ዜሮ ወይም የቆየ ቁጥር ያነባል። በእኔ ግምት ለኤክስ86 ድራይቨር ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ፈተና የለም። በይቅር ባይ ማሽን ላይ ብቻ የተፈተነ ድራይቨር አልተፈተነም።

ደረጃ 6፦ ባፈሩ የተበታተነ ከሆነ

ትልቅ ባፈር በተለያዩ ገጾች ላይ ከተበተነ በስካተርሊስት (የቁርጥራጮቹ ዝርዝር) ያዘጋጁትና ዲኤምኤ_ማፕ_ኤስጂ ይጥሩ። ዜሮ ከመለሰ ከሽፏል። አይኦኤምኤምዩ የተበታተኑትን ገጾች በካርዱ ዓይን ተከታታይ አድርጎ ሊያያይዛቸው ስለሚችል የተመለሰው ቁጥር ከሰጡት ሊያንስ ይችላል፤ 64 ሰጥተው 3 ቢመለስ አይደንግጡ። ለካርዱ ሲጽፉ በተመለሰው ቁጥር ይዙሩ፤ ሲሰርዙ ግን መጀመሪያ የሰጡትን 64 ይመልሱ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማቀያየር የተለመደ ስህተት ነው።

ደረጃ 7፦ ምዝገባውን ይሰርዙ

ዲኤምኤ_አንማፕ_ሲንግል ሲጠሩ አድራሻው፣ መጠኑና አቅጣጫው ካስመዘገቡበት ጋር አንድ መሆን አለበት። ስለዚህ ሦስቱን ከእያንዳንዱ ባፈር ጋር ያስቀምጧቸው፤ ከማስታወስ አይጻፉ።

መሰረዝ ከሠንጠረዡ መስመር በመፋቅ አያበቃም። አይኦኤምኤምዩ በቅርቡ የተረጎማቸውን አድራሻዎች በራሱ ካሽ ይይዛል፤ ያም መጽዳት አለበት፣ ጽዳቱም ጊዜ ይወስዳል። ሊኑክስ ሁለት ምርጫ አለው። በጥብቁ አሠራር እያንዳንዱ ስረዛ ካሹን ወዲያው ያጸዳል። በሰነፉ አሠራር ስረዛዎቹ ተጠራቅመው በአንድ ላይ ይጸዳሉ፤ እስከዚያ ድረስ፣ በሚሊሰከንዶች የሚቆጠር ጊዜ ቢሆንም፣ ካርዱ በተሰረዘ አድራሻ መጻፍ ይችላል። ያ ባፈር በዚያ ጊዜ ለሌላ ሥራ ተሰጥቶ ከሆነ ውጤቱን መገመት ይችላሉ። ደረጃ 1 ላይ ያዩት "ዲኤምኤ-ኤፍኪው" ሰነፉ ነው፤ በኤክስ86 የተለመደውም እሱ ነው። ድራይቨር ሲጽፉ "አይኦኤምኤምዩ.ስትሪክት=1" ብለው ይነሡ። ፍጥነት የሚያስጨንቅዎ ኮዱ ትክክል መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ይሁን።

ደረጃ 8፦ ስህተቱን ማንበብ

ከርነሉን ራስዎ የሚገነቡ ከሆነ ኮንፊግ_ዲኤምኤ_ኤፒአይ_ዲበግ ያብሩ። ከርነሉ እያንዳንዱን ምዝገባ ይከታተላል፤ የዲኤምኤ_ማፒንግ_ኤረር ፍተሻ ከረሱ፣ በተለየ መጠን ወይም አቅጣጫ ከሰረዙ፣ ሁለት ጊዜ ከሰረዙ ወይም ሞጁሉ ሲወጣ ያልተሰረዘ ከተዉ ከነመነሻ ተግባሩ ይነግርዎታል።

ካርዱ ያልተመዘገበ አድራሻ ሲነካ ደግሞ ራሱ አይኦኤምኤምዩ ይጮኻል። በኢንቴል ማሽን ላይ በ"ዲኤምኤአር" የሚጀምረው መስመር ጥያቄው ጽሕፈት ይሁን ንባብ፣ የመሣሪያውን መለያ፣ የተነካውን አድራሻና የምክንያት ቁጥር ይዟል። ምክንያት 5 የመጻፍ ፈቃድ የለም ማለት ነው፤ 6 የማንበብ ፈቃድ የለም። ሁለቱም ሁለት ሁኔታዎችን ይሸፍናሉ። ገጹ ተመዝግቦ አቅጣጫው ተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ገጹ ጭራሽ የለም፣ ምክንያቱም የሌለ መስመር ሁለቱም ፈቃድ የሌለው መስመር ነው። ለመለየት ድራይቨርዎ ከሰጣቸው አድራሻዎች ጋር ያነጻጽሩ። አድራሻው አሁን በምዝገባ ላይ ካሉት ባፈሮች በአንዱ ውስጥ ከሆነ አቅጣጫውን ይዩ። ቀድሞ ሰጥተውት የሰረዙት ከሆነ ካርዱ ሳይጨርስ ሰርዘዋል። ከሰጡት መካከል ፈጽሞ የሌለና የአካላዊ አድራሻ መልክ ያለው ትልቅ ቁጥር ከሆነ ግን የሆነ ቦታ ቨርት_ቱ_ፊዝ አሁንም ቀርቷል።

መለያው የካርድዎ ካልሆነ አይገረሙ፤ አሮጌ ፒሲአይ ካርድ በድልድዩ መለያ እንደሚመጣ ደረጃ 1 ላይ ብለናል። ሌላው ምክር ከእኛ ከተማ የኤሌክትሪክ ሁኔታ የመጣ ነው፦ መብራት በድንገት ሲጠፋ ያልተጻፈው መዝገብ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ በኔትኮንሶል መዝገቡን በኔትወርክ ወደ ሌላ ኮምፒውተር፣ ቢቻል ባትሪ ወዳለው ላፕቶፕ፣ ይላኩ።

ደረጃ 9፦ ሞጁሉን ማውጣት

ቅደም ተከተሉ ሊዘለል አይችልም። መጀመሪያ ካርዱን በሬጅስተሩ ያቁሙት፤ "አቁም" ብሎ መጻፍ ብቻ ሳይሆን መቆሙን የሚያሳየውን ሬጅስተር መልሰው ያንብቡ፤ ጽሕፈቱ በመንገድ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ንባቡ ግን ከእሱ ቀድሞ አይመለስም። ከዚያ ኢንተራፕቱን ይልቀቁ። ቀጥሎ የተመዘገቡትን ባፈሮች አንድ በአንድ ሰርዘው በኬፍሪ ይመልሱ። ከዚያ የዴስክሪፕተሮቹን ወጥ ሜሞሪ በዲኤምኤ_ፍሪ_ኮሂረንት ይልቀቁ፤ ሲይዙት የተሰጡዎትን ሁለቱንም አድራሻ ይፈልጋል። በመጨረሻ ፒሲአይ_ዲሴብል_ዲቫይስ ይጥሩ፤ ካርዱ ባስ የመምራት መብቱንም ያጣል።

ሞጁሉን በጥብቁ አሠራር፣ ዲበጉን አብርተው፣ ካርዱ በሙሉ ፍጥነት እየጻፈ ባለበት ሰዓት ደጋግመው ያውጡና ይመልሱ። በመዝገቡ ላይ በ"ዲኤምኤ-ኤፒአይ" ወይም በ"ዲኤምኤአር" የሚጀምር አዲስ መስመር ካልመጣ፣ አይኦኤምኤምዩውን አጥፍተው "ስዊዮቲኤልቢ=ፎርስ" ብለው ተነሥተው ያንኑ ይድገሙ፤ ንባቡ ከቮልትሜትሩ ጋር ከተስማማ ካርዱን ወደ 16 ጊጋባይቱ ማሽን ይሰኩት።